የጋሼ ዳምጠው ሙሌት

ጋሼ ዳምጠው ያረፉ ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ አናደደኝ። «እንዴት ያሉ ለስላሳ ሰው ነበሩ!» ይላል አንዱ። «በግ ነበሩ እኮ፣ ክፉ ከአፋቸው አይወጣም» ትላለች ሌላዋ። እኔ ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ይዤ፣ ንፍሮዬን እየዘገንኩ፣ ስለ ማን ነው የሚያወሩት እላለሁ በሆዴ። ሁለት ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ስር ኖሬያለሁ። ለስላሳ? እኔ የማውቃቸው ጋሼ ዳምጠው ቴሌቪዥን ውስጥ ካለ ዜና አንባቢ ጋር የሚጣሉ፣ ጎረቤት መኪናውን ጠማማ አድርጎ ካቆመ ወጥተው «ልጄ፣ ቁልፉን ስጠኝ፣ ላስተካክልልህ» የሚሉ፣ ተሳስተዋል ከሚባሉ ጥርሳቸው ቢነቀል የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ሰው ሲሞት ለምን ጸባዩን እንደሚያጥቡለት አይገባኝም። እኔ የምወዳቸው ከነግትርነታቸው ነው። ያን ግትር አንገታቸውን ግን አንድ ቀን ራሳቸው ሲሰብሩት በዓይኔ አይቻለሁ።

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዳር፣ ክሬጊበርን ያለው ቤታቸው የገባሁት በተከራይነት ነው። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ግማሹን ቀን ክፍል፣ ግማሹን የመጋዘን ሺፍት። አንድ የሐበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ «ለሴት ብቻ፣ ጸባይ ላላት» የሚል ወረቀት አይቼ ደወልኩ። በሩን የከፈቱልኝ ከራባት አስረው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ በገዛ ቤታቸው፣ ከራባት!

«ታጨሻለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አላጨስም።»

«መኪና ትነጃለሽ?»

«አልችልም።»

ፊታቸው ላይ ሐዘን አየሁ። «ይሁን፣ ይለመዳል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ተከራይ!» ነው የሚሉኝ። «ተከራይ፣ ሻዩ ፈልቷል! ተከራይ፣ መብራት አጥፊ!» ይህንንም በፍቅር ነው የሚሉት፤ ለማያውቃቸው ግን ሊያስወጡኝ የተነሱ ይመስላል።

በወጣትነታቸው አሰብ መስመር ላይ ተሳቢ ይነዱ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ዶሮ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ራሳቸውን የሚቆጥሩት ግን ሁልጊዜ እንደ ሹፌር ነው። ሰው ሳያስብ ሊናገር ወይም ሊወስን ሲል ጣታቸውን ቀስረው «መስታወት!» ይላሉ። ከመታጠፍሽ በፊት ኋላሽን እዪ ማለታቸው ነው። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ እሁድ እሁድ የፋብሪካዎቹ መኪና ማቆሚያ ባዶ ሲሆን ወስደውኝ፣ ማርሹን በገጨሁ ቁጥር ራሳቸው የተገጩ ይመስል «ውይ አንጀቴን!» ይላሉ። ባለቀስኩ ጊዜ ደግሞ ሞተሩን አጥፍተው ሙዝ ይልጡልኛል። መስታወት የምትለዋን ቃል እኔን በቀን አሥሬ ይሉኛል፤ ለራሳቸው ግን ብዙም አይሏትም ነበር።

ሚስታቸው እትዬ አልማዝ እኔ ከመምጣቴ በፊት አርፈዋል። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ሄለን። ሄለን እዚሁ አገር የተወለደ ሰው አግብታ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ሚያ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው።

ሄለን አባቷን የምትጠይቀው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት ነው። አመጣጧ ግራ ያጋባኝ ነበር። ሚያ የራሷን ምሳ፣ የራሷን ማንኪያ፣ የራሷን ውኃ በቦርሳ ይዛ ትመጣለች። ከቤቱ ምንም አይቀመስም። ሄለን ልጅቷን ከአጠገቧ አታርቅም፤ ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ «ነይ ሚያ» ብላ ይዛት ነው የምትገባው። ጋሼ ዳምጠው ከሶፋው ጫፍ ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ያያሉ። በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይመስላሉ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ አንድ እሁድ እነሄለን ከሄዱ በኋላ «ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

መጀመሪያ «መስታወት!» አሉኝ። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቆይተው ግን፣ ሽንኩርቱን ሰበብ አድርገው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ነገሩኝ።

ሚያ ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለባት። ስንዴና ገብስ፣ ወይም እነሱ የነኩት ነገር፣ ትንሽ እንኳ ከቀመሰች ሆዷን እያመማት ታስመልሳለች፤ አንጀቷም ይጎዳል። ሐኪም ይህን የነገራቸው ሰሞን ጋሼ ዳምጠው ሳቁ። «ስንዴ በሽታ የሚሆነው የት አገር ነው?» አሉ። ሞልቃቃ ስላደረጋችኋት ነው፣ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ ሲሉ ከረሙ። በእኛ ገና ዕለት ሁሉም ሳሎን ውስጥ እያለ ልጅቷን ጋራዥ ወስደው ከድፎ ዳቦው ቆርሰው ሰጧት።

«አያት ለልጅ ልጁ ዳቦ ስለቆረሰ ትታመማለች ብዬ እንዴት ልመን?» አሉኝ።

ልጅቷ ሌሊቱን ስታስመልስ አድራ ድንገተኛ ክፍል ተወሰደች። ሄለን ከሆስፒታል ደወለች። «አባዬ፣ የሰጠሃት ነገር አለ? ንገረኝ፣ አልቆጣህም» አለች።

«ምንም» አሉ።

«ምንም?»

«ምንም አልሰጠኋትም፣ እግዜር ይየኝ።»

ሐኪሞቹ ሌላ በሽታ ፍለጋ ገቡ። ደም ቀዱላት፣ ሆዷን በማሽን አዩ፣ አስተኝተው አቆዩዋት። በማግስቱ ልጅቷ ራሷ ለነርሷ «አባባ ዳቦ ሰጥቶኛል፣ ግን ምስጢር ነው» አለቻት። ሄለን ያን ቀን አልጮኸችም። «ዳቦውን ይቅር እልህ ነበር» አለቻቸው። «ምንም ያልከኝን ግን ምን ላድርገው?»

ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ተናደድኩባቸው። «እንዴት ይዋሻሉ ጋሼ? ያውም ልጅ ታማ!» አልኩ።

«ፈራኋ!» አሉ። «በረሃ ላይ፣ ቁልቁለት፣ ፍሬን ተበጥሶብኝ ያልፈራሁት ሰውዬ ልጄን ፈራሁ።»

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ነው የሙሌቱ ነገር የመጣው። ሚያ አንድ እሁድ በፈረንጅ ገና በሌላኛዋ አያቷ ቤት ስለሚበላው ነገር ታወራ ነበር፤ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። የደረቀ ዳቦ ተቆራርጦ፣ በሽንኩርትና በቅቤ ታሽቶ፣ መረቅ ጠጥቶ፣ ዶሮው ሆድ ውስጥ ተሞልቶ የሚጠበስ ነገር አለ፤ ስተፊንግ ይሉታል። በሽታዋ ከመታወቁ በፊት ከምንም አስበልጣ የምትወደው እሱን ነበር። አሁን ሁሉም እሱን ሲበላ ለእሷ ድንች ይሰጣታል። «ሽታው ግን እኔም ጋ ይመጣል» አለች። የጋሼ ዳምጠው እንግሊዝኛ የፋብሪካ እንግሊዝኛ ነው፤ ይህቺን ግን አንድ ቃል ሳይቀር ሰሟት።

«ሄለን» አሉ፣ «ዘንድሮ የፈረንጅ ገናን እዚህ ዋሉ። ያን ነገር እኔ እሠራዋለሁ። ስንዴ የሌለበት።»

ባለቤቷ የገናው ዕለት ሺፍት ስለነበረበት ዘንድሮ ወደ እናቱ ቤት አይሄዱም ነበር። «አባዬ፣ ትችላለህ?»

«በእኔ እጅ ስንት ዶሮ አልፏል መሰለሽ!»

«ስለ ዶሮው አይደለም የጠየቅሁህ።»

«እችላለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሺ» አለች። መኪናዋ ከመንገዱ እስክትጠፋ በር ላይ ቆመው ሸኙ።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ተገለበጠ። የእንጨት መክተፊያው፣ የእንጨት ማንኪያዎቹ፣ ወንፊቱ፣ የዳቦ መጥበሻው ሳይቀር ወጣ፤ ፍርፋሪ ይደበቅበታል። አዲስ ድስት፣ አዲስ ትሪ ተገዛ። የእኔ ፓስታ ጋራዥ ተሰደደች። ዳቦዬን ግቢ ውስጥ ቆሜ እንድበላ ተፈረደብኝ፤ ከበላሁ በኋላም እጄን ሳልታጠብ የበር እጀታ መንካት ክልክል ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ የእያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ በማጉያ መነጽር፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። የመረቅ ቅመሙ ውስጥ ስንዴ ያገኙ ቀን «አየሽ! እዚህም ተደብቋል!» ብለው ሲጮኹ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጋሪዋን ጥላ ልትሄድ ነበር። የሳቁበትን በሽታ አሁን እግር በእግር ያሳድዱት ጀመር።

በዚያ ላይ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ሙሌቱ ደግሞ (ስተፊንጉን ሙሌት ያሉት እሳቸው ናቸው) ቅቤ አለው፣ እንቁላል አለው፣ የዶሮ መረቅ አለው። ጋሼ ዳምጠው በጾም ማንኪያ እንኳ አይልሱም። ሽንኩርቱ መብሰሉን በአፍንጫቸውና በጆሯቸው ነው የሚያውቁት፤ አንገታቸውን አዘንብለው ድስቱን ያዳምጣሉ። ቀማሿ እኔ ሆንኩ። «ተከራይ፣ አንቺ እንደሆነ ጾሙን ከፈታሽው ቆይተሻል፣ ነይ ቅመሺ!»

የመጀመሪያው ሙሌት ገንፎ ሆነ። ስንዴ የሌለበት ነው ተብሎ ከሱፐርማርኬት የተገዛው ዳቦ መረቅ ሲነካው ሟሟ። ሁለተኛው ከመጠን በላይ ደርቆ ጠጠር ሆነ። ሦስተኛው ላይ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይበላል» አልኩ።

«ይበላል ማለት ምን ማለት ነው? ለሆስፒታል ምግብ ነው ይበላል የሚባለው!» ብለው ትሪውን ደፉት። እኔ ላይ ይጮኻሉ፣ ምድጃው ላይ ይጮኻሉ፣ ዳቦውን በፈረንጅኛ ይሰድቡታል። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ መልሼ ጮኼባቸዋለሁ፤ ውሸት ምን ይሠራል።

አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትሪው ጭናቸው ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው እንደገና ፈርሷል። ደነገጥኩ፣ ወድቀው መሰለኝ።

«ይሄ ካልሆነልኝ አበቃ» አሉኝ። «ሄለን ሁለተኛ ዕድል አትሰጠኝም፣ እኔም ብሆን አልሰጥም። ልጅቷ ደግሞ እያደገች ነው። አድጋ የራሷ ሰው ከሆነች በኋላ ከእጄ ብትበላ ምን ይረባኛል? አሁን ነው እንጂ። አሁን፣ አያቴ ማነው ስትል ነው እንጂ።»

አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት አልተሰዳደብንም።

የጤፍ ዳቦው ሐሳብ የመጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጤፍ ውስጥ ስንዴ የለም፤ ራሳቸው ጋግረው፣ ቆራርጠው፣ ምድጃ ውስጥ አድርቀው ቢሠሩትስ? በፓኬት እርሾ ሞከሩት፤ ተፈረካከሰ። «እውነተኛ እርሾ ነው የሚፈልገው» አሉ። ከዚያም «የአልማዝ እርሾ» አሉ።

እትዬ አልማዝ በሕይወት ሳሉ ከእርሿቸው ቀንሰው ዳንደኖንግ የሚባል ሰፈር ለሚኖሩ ጓደኛቸው ሰጥተው ነበር። የቤቱ እርሾ እሳቸው ሲያርፉ ዞር ብሎ የሚያየው አጥቶ ተበላሽቶ ተጥሏል፤ ዳንደኖንግ ያለው ግን በየጊዜው እየተቀጠለ አለ። ጓደኛቸው እትዬ ጥሩነሽ ይባላሉ። ጋሼ ዳምጠው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ነዱ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። እትዬ ጥሩነሽ በእርጎ ዕቃ ቀድተው ሰጡን። «ያው የአልማዝ ነው፣ አንድም ጊዜ አላቋረጥኩትም» አሉ። ጋሼ ዳምጠው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለምን እንደፈለጉት አልተናገሩም፤ «ዳቦ ልጋግር አስቤ ነው» ብቻ ነው ያሉት። የሚያን ሕመም ካነሱ የሆስፒታሉ ነገር ይከተላል፣ እሱን ደግሞ ከእኔ በቀር ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ደግሞስ እርሾ ሲለመን ማን ይመራመራል? ይሰጣል፣ ይወሰዳል፣ ተባረኪ ይባላል። ምን አለበት ብሎ መጠየቅ ባለቤቷን ንጽሕናሽን አላምንም እንደማለት ነው። እኔም አብሬ ቆሜ ነበር፣ ለእኔም ትዝ አላለኝም። እንዳይደፋ ዕቃውን እኔ ጭን ላይ አስቀምጠው ፍሪዌዩን ቀስ ብለው እየነዱ ተመለስን።

ዳቦው ተሳካ! ተቆራርጦ ደረቀ፣ በሽንኩርትና በሰለሪ፣ በጥብስ ቅጠልና በጦስኝ ታሸ፣ መረቁን ጠጥቶ ቅርፁን ያዘ። ከላዩ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ፣ መጨረሻው ላይ ኮምጠጥ ያለ። ከትሪው ላይ ቆሜ በላሁት።

«ይበላል ካልሽ ዛሬውኑ ቤት ፈልጊ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ልጨርሰው ነው» አልኩ።

በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መቱት፤ ደስታቸው እንደዚያ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ሄለን ደውላ ምን ምን እንደገባበት አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የዱቄቱን፣ የቅቤውን፣ የመረቁን ማሸጊያ ጀርባ አነበቡላት። «ሌላስ?» አለች። «ሌላ የለም» አሉ። እርሾውን መደበቃቸው አልነበረም። የእናቷን ጣዕም ድንገት አፏ ውስጥ እንድታገኘው ፈልገው ነው።

የፈረንጅ ገና ዕለት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ገባ። ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ በርቶ ቤቱ ይፋጃል፤ ጋሼ ዳምጠው ከነከራባታቸው ላብ ያጠምቃቸዋል። ሙሌቱ በትሪ ሆኖ ከዶሮው ጋር ምድጃ ውስጥ ነው። እነሄለን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፣ በቫይበር። የጋሼ እጅ ቅቤ በቅቤ ስለነበር እኔ ከፍቼ ድምፁን ለቀቅኩላቸው።

«ዳምጠው፣ እንዴት ዋልክ? ዳቦው እንዴት ሆነልህ?»

«ተባረኪ ጥሩዬ! እንዲህ ያለ ዳቦ አይቼ አላውቅም።»

«ጎሽ። ገብሱን ምን ያህል አደረግህበት?»

«የምን ገብስ?»

«ያለ ገብስ ተነሳልህ? ይገርማል! እኔማ እርሾውን የምቀልበው በገብስና በስንዴ ዱቄት ነው፣ ጤፍ ብቻማ እንቢ ይለኛል።»

የጋሼ ዳምጠው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመቼ ትላለህ እንዴ! ከጥንት ነዋ። አልማዝስ በምን የጀመረችው መሰለህ? ያኔ ሜልበርን ጤፍ የት ነበረና? በስንዴ ዱቄት አይደል እንዴ ስንጋግር የኖርነው! አንተማ ትበላለህ እንጂ ምን ታውቃለህ።»

«የሄለን ልጅ ስንዴ አትበላም» አሉ። «ያማታል።»

«ኧረ ባክህ! ያቺ ጭላፊ እርሾ ምን ታደርጋታለች? ደግሞ ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ እንደገና በስሎ! ስንዴ በሽታ የሚሆነው የት አገር ነው?»

ይህን ቃል በፊት ከማን አፍ እንደሰማሁት አውቃለሁ። እሳቸውም አወቁት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። «ደህና ዋይ ጥሩነሽ» አሉና ስልኩን እንድዘጋው በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

ምድጃውን አጠፉ። ትሪውን አወጡ። እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ! ቤቱ በሙሉ በሽታው ታጥኗል። ቆመው ያዩታል። ያን ሁሉ ሳምንት፣ ያን ሁሉ ጩኸት አይቻለሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ተቃጠለ እንበል። አሁኑኑ ወስጄ ልድፋው። ማን ያውቃል? ተቃጠለብኝ ብሎ የሚሞት የለም።»

«መስታወት» አሉኝ። ጣታቸውን አልቀሰሩም፣ አልጮኹም።

ወዲያው ደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

ሚያ ሮጣ ገባች። «አባባ! ሸተተኝ! ደርሷል?» ትላለች በእንግሊዝኛ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ። ጋሼ ዳምጠው መተላለፊያው ላይ ቆመው መንገዱን ዘጉባት፤ ቅቤ የነካ እጃቸውን እንዳያገኛት ወደ ላይ አንስተው ይዘውታል።

«ሄለን፣ ልጅቷን ያዣት» አሉ።

«ምን ሆንክ?»

«ዳቦው ስንዴ አለበት። ገብስም አለበት። እርሾው ውስጥ ነበር። የእናትሽ እርሾ ነው ብዬ ሳልጠይቅ አመጣሁት። የሰማሁት አሁን ነው።» እጃቸውን ይበልጥ ከፍ አደረጉ። «ዶሮውም አብሮ ነው የተጠበሰው። ትሪውም፣ እጄም ነክቶታል። ከዚህ ቤት ምንም አታብያት።»

ሄለን አባቷን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ ነው ያየቻቸው። በመሀል ሚያ ገባት። «አሁንም አልበላም ማለት ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነና አለቀሰች። አልጮኸችም፤ ተስፋ የቆረጠ ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀሰችው። ጋሼ ዳምጠው ሊያቅፏት ጎንበስ አሉና እጃቸውን አይተው መልሰው ቀና አሉ።

ሄለን ልጅቷን ይዛ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሄዱ፣ አበቃ አልኩ። ግን ተመለሱ፤ ሄለን ሰማያዊ የበረዶ ቦርሳ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ታወጣ ጀመር። የሚያ ዶሮ፣ የሚያ ድንች፣ የሚያ ሳህን፣ የሚያ ሹካ። ሁሉም ከቤቷ ተሠርቶ የመጣ ነው።

ጋሼ ዳምጠው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ስትመጪም አላመንሽኝም ነበር» አሉ።

«አላመንኩህም አባዬ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ።

እንደዚያ ያለ መራራ የበዓል ምሳ አይቼ አላውቅም። ሚያ ዓይኗ አብጦ ድንቿን በሹካ ትገፋዋለች። ጋሼ ዳምጠው ከጠረጴዛው ርቀው በሩ ጋ ቆመዋል፤ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ሄለን ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ከሙሌቱ በሳህን ቆንጥራ፣ እዚያው ከልጇ ርቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ በላች። አንዴ ጎረሰች። ደገመች። «እማዬን እማዬን ይላል» አለች። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣ እጇንና አፏን በሳሙና ታጠበች።

ምሳው ሳያልቅ ስልኳ ጠራ። ባለቤቷ ሺፍቱን ጨርሶ ባቡር ጣቢያ ደርሷል፤ ነይና ውሰጂኝ ይላል። ቁልፏን አነሳች። ሚያም ድንቿን ትታ ጫማዋን ልታጠልቅ ተነሳች፤ እናቷ ከዚህ ቤት አንድ እርምጃ ስትወጣ አብራ ነው የምትወጣው።

«አንቺ ተቀመጪ» አለቻት ሄለን።

ልጅቷ ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ። ጋሼ ዳምጠው ሊሸኟቸው በሩን ከፍተው ይዘው ነበር።

«አባዬ» አለች ሄለን በአጠገባቸው እያለፈች፣ «ምግቧን አልጨረሰችም። እጅህን ታጠብና አብላት።»

ወጣች። መኪናው ሲነሳ ሰማን። ጋሼ ዳምጠው የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆዩ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና «ምን አለች?» አሉኝ፤ ጥርት አድርገው ሰምተዋታል እኮ!

«አብላት ነው ያለችው» አልኳቸው።

እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ውኃውን ከፈቱ። በሳሙና አሹ፣ በጥፍራቸው መሀል ፈተጉ፣ አለቀለቁ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት፣ እንደገና ሳሙናውን አነሱ። ጨረሱ ስል ይጀምራሉ። ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ውኃው ይፈሳል፣ እሳቸው አሁንም ይታጠባሉ።

«አባባ» አለች ሚያ ከጠረጴዛው፣ በአማርኛ። «ራበኝ እኮ።»